ከአንድ በላይ ፐብሊክ አይፒ ላለው ትንሽ ቢሮ የትኛው ራውተር ይሻላል? የማይክሮቲክ ሄክስ ግምገማ ከአማራጮቹ ጋር

ከኢንተርኔት አቅራቢው ስላሽ 29 የሚባለውን የፐብሊክ አይፒ (በኢንተርኔት ላይ ከውጭ የሚታይ አድራሻ) ጥቅል የተረከበ ቢሮ በቁጥር 8 አድራሻ ተሰጥቶታል። ከእነዚህ የመጀመሪያው የኔትወርኩ መለያ፣ የመጨረሻው የብሮድካስት (ለሁሉም በአንዴ የሚላክበት)፣ አንዱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የአቅራቢው ጌትዌይ (ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበት በር) ስለሚሆን፣ በቢሮው እጅ የሚቀሩት 5 ናቸው። በአዲስ አበባ በየቢሮው የማየው ራውተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ለመኖሪያ ቤት የተሠራ፣ በኢንተርኔት መግቢያው በኩል አንድ አድራሻ ብቻ የሚቀበል ዕቃ ነው። በዚህም ምክንያት የተከፈለባቸው አራት አድራሻዎች ያለ ሥራ ይቀመጣሉ፤ ሰርቨሩም፣ ካሜራውም፣ የእንግዶች ዋይፋይም በአንዱ ቀሪ አድራሻ ተጨናንቀው ይወጣሉ። ራውተር ሲገዛ የሚጠየቀው የአንቴናው ብዛትና የፍጥነቱ ቁጥር ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ቢሮ ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፦ የትኛው የውስጥ ኮምፒዩተር በየትኛው የውጭ አድራሻ እንደሚወጣና እንደሚገባ ባለሙያው አንድ በአንድ ወስኖ መጻፍ ይችላል ወይስ አይችልም? እኔ ዕቃዎቹን የመዘንኩት በዚህ መለኪያ ነው።

ለመነሻ የያዝኩት ሠላሳ ያህል ሠራተኞች ያሉትን፣ የራሱ የኢሜይል ሰርቨር፣ ቅርንጫፎች ከውጭ የሚገቡበት የሂሳብ ሰርቨር፣ ሁለት የካሜራ መቅጃ ዲቪአር እና ለእንግዶች የተለየ ዋይፋይ ያለውን ቢሮ ነው። ለዚህ ቢሮ ብዙ አድራሻ ቅንጦት አይደለም። የእንግዳ ላፕቶፕ በቫይረስ ተይዞ ስፓም መላክ ቢጀምርና ያ ስፓም የኢሜይል ሰርቨሩ በሚወጣበት አድራሻ ቢወጣ፣ አድራሻው በዓለም አቀፍ የስፓም መዝገቦች ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የቢሮው ሕጋዊ ደብዳቤ ሳይቀር ከተቀባዩ በር ይመለሳል። ሁለቱ ዲቪአሮችም አንድ ዓይነት ሥሪት ከሆኑ ሁለቱም በፋብሪካ የተሰጣቸው ፖርት (አገልግሎቱ የሚገባበት የበር ቁጥር) አንድ ነው፤ በአንድ አድራሻ ላይ ሁለቱን በዚያው ፖርት ማስገባት ስለማይቻል የአንዱ መቀየር አለበት። አድራሻዎቹ በሥርዓት ከተከፋፈሉ ሁለቱም ችግሮች ከሥራቸው ይነቀላሉ።

ወደ ዕቃው ከመሄድ በፊት ግን አቅራቢውን መጠየቅ የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም አድራሻዎቹ በምን መልኩ እንደሚደርሱ ነው። በአንደኛው መንገድ የአቅራቢው ጌትዌይ ራሱ በስላሽ 29 ውስጥ ተቀምጦ ሁሉንም አድራሻዎች በቀጥታ በመስመሩ ላይ ይፈልጋቸዋል፤ ስለዚህ ራውተሩ ለእያንዳንዱ አድራሻ «እኔ ዘንድ ነው» ብሎ የኤአርፒ (አንድ አድራሻ በየትኛው ዕቃ ላይ እንዳለ በመስመሩ ላይ የሚጠየቅበት ሥርዓት) መልስ መስጠት አለበት። በሁለተኛው መንገድ ለማገናኛ ብቻ የሚሆን ስላሽ 30 የሚባል አነስተኛ ጥቅል ይሰጥና ስላሽ 29ኙ በዚያ በኩል ወደ ቢሮው ራውተር ይላካል። ሁለተኛው በጣም የተሻለ ነው፤ ለጌትዌይ የሚባክን አድራሻ ስለሌለ፣ በናት (የውስጥ አድራሻን በውጭ አድራሻ በሚተካው ዘዴ) ብቻ ለሚጠቀም ቢሮ ስምንቱም አድራሻዎች ሥራ ላይ ሊውሉ ይችላሉ። ምርጫ ካለ እሱን መጠየቅ ይገባል። ከዚህ ጋር አብሮ የሚነሳው በፋይበሩ ጫፍ ላይ የሚገጠመው የአቅራቢው ሳጥን ነው። ያ ሳጥን ራሱ ራውተር ሆኖ የሚሠራ ከሆነ ከኋላው የሚቀመጠው ማንኛውም ጥሩ ዕቃ ፐብሊክ አድራሻዎቹን በዓይኑ አያያቸውም፤ ስለዚህ በብሪጅ ሞድ (ራውተር ሳይሆን መስመሩን ብቻ እያሳለፈ) እንዲሠራ ማስደረግ ግድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ዕቃ እንምጣ። ማይክሮቲክ እ.ኤ.አ. በ1996 በላትቪያ ዋና ከተማ በሪጋ የተመሠረተ ኩባንያ ነው። ሄክስ የሚባለው ትንሽ ራውተሩ፣ በሞዴል ስሙ አርቢ750ጂአር3፣ አምስት የጊጋቢት ፖርቶች (የኬብል መሰኪያዎች)፣ ባለ ሁለት ኮር 880 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር፣ 256 ሜጋባይት ራም እና 16 ሜጋባይት የውስጥ ማከማቻ አለው። ዋይፋይ የለውም። ይህን አንዳንድ ገዥ እንደ ጉድለት ያየዋል፤ እኔ ግን ለቢሮ ጥቅም ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ራውተሩ የሚቀመጠው ፋይበሩ በሚገባበት ጥግ ሲሆን፣ ዋይፋዩ መቀመጥ ያለበት ሰው በሚሠራበት ቦታ ነው። በውጭ ገበያ የአምራቹ ዋጋ ብዙ ጊዜ በ60 ዶላር አካባቢ ነበር። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የአዲስ አበባ ሱቆች ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ በብር የምጽፈው ቁጥር ነገ ሐሰት ሊሆን ይችላል፤ ከሁለት ሦስት ሱቅ ጠይቆ መግዛት ይበጃል።

ለእኛ አገር የመብራት ሁኔታ አርቢ750ጂአር3 ሄክስ ያለው ትልቅ ብልጫ ከ8 እስከ 30 ቮልት ድረስ ያለውን ማንኛውንም የዲሲ ኃይል መቀበሉ ነው። በ12 ቮልት ባትሪ ወይም አሁን በየሱቁ በሚገኘው የራውተር ባክአፕ ያለ ኢንቨርተር ይሠራል፤ የሚፈጀውም ከ10 ዋት አይበልጥም። መብራት በሄደ ቁጥር ጠፍቶ የሚነሳ ራውተር ከቅርንጫፍ የሚገቡትን ሠራተኞች ሁሉ ያቋርጣል፤ ስለዚህ ይህ ባሕርይ ለቢሮው ብዙ ዋጋ አለው።

የሄክስ ልብ ራውተርኦኤስ የሚባለው ሶፍትዌሩ ነው። በመቶዎች ዶላር በሚሸጡት የኩባንያው ትልልቅ ዕቃዎች ላይ የሚገኘው ሶፍትዌር በዚህች ትንሽ ሳጥን ላይም ያው ነው፤ ፈቃዱም ከዕቃው ጋር ስለሚመጣ የዓመት ክፍያ የለውም። አምስቱን ፐብሊክ አድራሻዎች በአንዱ የኢንተርኔት ፖርት ላይ በተራ መመዝገብ ይቻላል። ከዚያ በኋላ በናት ሠንጠረዥ ውስጥ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገባውን በዴስቲኔሽን ናት፣ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚወጣውን በሶርስ ናት ለእያንዳንዱ ሰርቨር ለይቶ መጻፍ ነው። የኢሜይል ሰርቨሩ በሁለተኛው አድራሻ፣ የሂሳብ ሰርቨሩና አንዱ ዲቪአር በሦስተኛው፣ ሌላው ዲቪአር በአራተኛው፣ የእንግዶች ዋይፋይ በአምስተኛው፣ ሠራተኛው በሙሉ በመጀመሪያው እንዲወጣ ማድረግ ጥቂት መስመር ብቻ ይወስዳል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። ሄክስ ከፋብሪካው ሲወጣ «ማስከሬድ» የሚባል አንድ የናት ደንብ ተጽፎበት ነው የሚመጣው፤ ይህ ደንብ ከውስጥ የሚወጣውን ሁሉ በመስመሩ ዋና አድራሻ ያስወጣል። ራውተርኦኤስ ደንቦችን የሚያነበው ከላይ ወደ ታች ስለሆነና የመጀመሪያውን የሚገጥም ደንብ ይዞ ስለሚያቆም፣ ለኢሜይል ሰርቨሩ የተጻፈው ልዩ ደንብ ከማስከሬዱ በታች ከተቀመጠ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። በአንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ያየሁት ይህንኑ ነበር። ወደ ሰርቨሩ የሚመጣው ኢሜይል በሁለተኛው አድራሻ በትክክል ይገባል፤ የሚላከው ግን በመጀመሪያው ይወጣል፤ የተገላቢጦሽ የዲኤንኤስ መዝገቡ (አድራሻው የየትኛው ሰርቨር ስም እንደሆነ የሚገልጸው) የተጻፈው ለሁለተኛው አድራሻ በመሆኑ ተቀባዮቹ ሰርቨሮች ላኪውን አላመኑትም፤ የደንበኞች ትኬት በየስፓም ሳጥኑ ይቀራል። በዊንቦክስ (ራውተሩ በሚስተካከልበት ፕሮግራም) መስኮት ላይ ያን አንድ መስመር በማውዝ ይዞ ከማስከሬዱ በላይ መሳብ ብቻ ችግሩን ፈታው። ራውተሩ በዚህ ጥፋተኛ አልነበረም፤ የተጻፈለትን በተጻፈለት ቅደም ተከተል ፈጽሟል። ይህንን የሚያውቅ ባለሙያ ሳይኖር ሄክስን መግዛት ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ሁለተኛው የጥንቃቄ ነጥብ ከዚህ ይብሳል። የሄክስ የፋብሪካ ፋየርዎል ከኢንተርኔት የሚመጣውን ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ነገር ግን በዴስቲኔሽን ናት የተፈቀደውን ከዚህ ክልከላ ነፃ ያደርገዋል። ስለሆነም አንድ ሙሉ ፐብሊክ አድራሻ ያለ ፖርት ገደብ ወደ አንድ ሰርቨር የተላለፈ እንደሆነ፣ የዚያ ሰርቨር ክፍት ፖርቶች በሙሉ፣ የፋይል ማጋሪያውና የሪሞት ዴስክቶፑ ሳይቀሩ፣ ለዓለም ክፍት ሆኑ ማለት ነው። አንድ ለአንድ ናት የሚባለውን ዘዴ ብዙዎች የሚወዱት ቀላል ስለሆነ ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ የምመርጠው የሚያስፈልገውን ፖርት ብቻ መርጦ ማስገባትን ነው፤ አንድ ለአንድ ግድ ከሆነም በፎርዋርድ ሰንሰለቱ (በራውተሩ በኩል የሚያልፈውን በሚቆጣጠረው የፋየርዎል ክፍል) ላይ የተፈቀዱትን ፖርቶች ዘርዝሮ የቀረውን መከልከል ያስፈልጋል። ለዲቪአርና ለሪሞት ዴስክቶፕ ደግሞ ጭራሹኑ ፐብሊክ ፖርት ባይከፈት ይመረጣል። የራውተርኦኤስ ሰባተኛው ትውልድ ዋየርጋርድ የተባለውን ቪፒኤን (ከውጭ ወደ ቢሮው ኔትወርክ የሚያስገባ የተመሰጠረ መንገድ) አብሮ የያዘ በመሆኑ፣ ሥራ አስኪያጁ ካሜራውን ከስልኩ ላይ በቪፒኑ ገብቶ ማየት ይችላል። ከላይ ለአንዱ ዲቪአር የመደብኩት አራተኛ አድራሻም እንዲህ ከተደረገ ለሌላ ሥራ ይተርፋል።

ስለ ደኅንነት ከተነሳ የማይክሮቲክን ታሪክ መሸፈን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2018 በዊንቦክስ አገልግሎቱ ላይ የይለፍ ቃል ያለበትን ፋይል ከውጭ ለማንበብ የሚያስችል ከባድ ቀዳዳ ተገኝቷል፤ ኩባንያው በፍጥነት ቢደፍነውም ያልታደሱ ራውተሮች በዓለም ዙሪያ ለዓመታት የአጥቂዎች መሣሪያ ሆነው ቆይተዋል፤ በ2021 ሜሪስ የተባለው ግዙፍ የቦትኔት (በርቀት የሚታዘዙ የተጠለፉ ዕቃዎች ስብስብ) ጥቃት ሲነሳም ከተጠቀመባቸው ዕቃዎች ብዙዎቹ የዚሁ ኩባንያ ነበሩ። ከዚህ የሚወጣው የሥራ መመሪያ ግልጽ ነው፤ የዊንቦክስ ፖርት 8291 በየትኛውም ፐብሊክ አድራሻ ላይ አይከፈትም፤ ሶፍትዌሩም በየጊዜው ይታደሳል። የሄክስ እውነተኛ ድክመት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። 16 ሜጋባይቱ ማከማቻ ለሰባተኛው ትውልድ ሶፍትዌር ጠባብ በመሆኑ ዝመናው ቦታ አጥቶ የሚከሽፍበት ጊዜ አለ፤ ተጨማሪ ፓኬጅና የቆዩ ባክአፕ ፋይሎችን አጥፍቶ እንደገና መሞከር የግድ ይሆናል። በ2024 የወጣው የታደሰው ሄክስ ማከማቻውን ወደ 128፣ ራሙን ወደ 512 ሜጋባይት ስላሳደገው፣ በገበያ ላይ ሁለቱም ከተገኙ የዋጋውን ልዩነት ከፍሎ አዲሱን መውሰድ ተገቢ ነው።

ፍጥነቱን በተመለከተ፣ ፋስትትራክ የሚባለው አቋራጭ ሲበራ የቀድሞው ሄክስም ወደ ጊጋቢት ይጠጋል። ይህ አቋራጭ ግን የተመሠረቱ ግንኙነቶችን ከፋየርዎሉና ከኪው (ከፍጥነት መገደቢያው) ውጭ አሳልፎ ስለሚለቅ፣ ለእንግዶች የፍጥነት ጣሪያ መስጠት የሚፈልግ ቢሮ ቢያንስ ለእነሱ ማጥፋት አለበት፤ ያኔ ፕሮሰሰሩ በግልጽ ይደክማል። እስከ 100 ወይም 200 ሜጋቢት ላለው መስመር ይህ ጭንቀት አይደለም፤ ትንሽ ቢሮ የሚይዘው መስመርም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ አያልፍም።

መስመሩ ከዚህ የሚበልጥ ወይም ብዙ የቪፒኤን ቅርንጫፍ ያለው ቢሮ የዚያው ኩባንያ አርቢ5009 ይስማማዋል። አራት ኮር 1.4 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰር፣ 1 ጊጋባይት ራምና 1 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ሰባት የጊጋቢት ፖርቶች፣ አንድ የ2.5 ጊጋቢት ፖርትና አንድ የ10 ጊጋቢት ፋይበር መሰኪያ አለው። አምራቹ ያወጣለት ዋጋ 219 ዶላር ነበር። ሶፍትዌሩ ያው ስለሆነ በሄክስ ላይ የተማረ ሰው አዲስ የሚማረው ነገር የለም። የኃይል መግቢያው ግን ከ24 ቮልት ስለሚጀምር በ12 ቮልት ባክአፕ አይነሳም፤ ይህን ሳያውቅ የገዛ ሰው ባትሪውንም መቀየር ግድ ይሆንበታል።

የቲፒሊንክ ኦማዳ ኢአር605 ሌላ ጠባይ ያለው ዕቃ ነው። የሚስተካከለው በብራውዘር በሚከፈት ንጹሕ ገጽ ሲሆን፣ ሙሉ የኔትወርክ ባለሙያ የሌለው ቢሮ እንኳን በመመሪያው እየተመራ ሊሠራበት ይችላል። አንድ ለአንድ ናት አለው፤ የሚሠራውም መስመሩ ስታቲክ አይፒ (የማይለዋወጥ አድራሻ) ሆኖ ሲመዘገብ ነው። ከሁለት አቅራቢዎች መስመር ያስገባ ቢሮ አንዱ ሲቋረጥ ወደ ሌላው እንዲዞርለት የሚያስፈልገውን ከሁለት በላይ የኢንተርኔት መግቢያም ይሰጣል። ሁለት ሰርቨር ላለውና ሌላ ልዩ ፍላጎት ለሌለው ቢሮ እመክረዋለሁ። ፍላጎቱ ሲወሳሰብ፣ ለምሳሌ የአንድ ክፍል ሠራተኞች በሙሉ በተለየ አድራሻ ይውጡ፣ ከእነሱ አንዱ ብቻ በሌላ፣ ሲባል ግን ራውተርኦኤስ የሚሰጠው ነፃነት እዚህ የለም። በነገራችን ላይ ሁለት መስመር ስለማስገባት ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ፤ ዋናው ፋይበር ሲቋረጥ ፐብሊክ አድራሻዎቹ አብረውት ይሄዳሉ። የሞባይል ኢንተርኔት መጠባበቂያ ሠራተኛውን ወደ ኢንተርኔት ያወጣዋል እንጂ ከውጭ የሚገባውን ቅርንጫፍ ወደ ሰርቨሩ አያደርሰውም። ይህን የትኛውም ርካሽ ራውተር አይፈታውም።

ፒኤፍሴንስ የሚባለውን የራውተር ሶፍትዌር ወይም በ2015 ከእሱ ተገንጥሎ የወጣውን ኦፒኤንሴንስን በአሮጌ ዴስክቶፕ ላይ መጫን የሚወዱ ባለሙያዎች አሉ፤ ምክንያታቸውም ጠንካራ ነው። ተጨማሪ ፐብሊክ አድራሻዎች «ቨርቹዋል አይፒ» በሚል ስም ይመዘገባሉ፤ የመግቢያው፣ የመውጫውና የአንድ ለአንዱ ናት በየራሳቸው ገጽ ተለይተው ስለሚታዩ ከላይ የጠቀስኩት የደንብ ቅደም ተከተል ስሕተት ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ የፋየርዎሉ መዝገብም ማን መቼ ምን እንደሞከረ ለማንበብ ከዊንቦክሱ ይልቅ ምቹ ነው። ኢንቴል የሆነ ሁለተኛ የኔትወርክ ካርድ መግዛት ያስፈልጋል፤ የሪልቴክ ካርዶች በዚህ ሥርዓት ላይ የሚያስቸግሩበት ጊዜ ብዙ ነው። ለእኛ ሁኔታ የሚከብደው ዴስክቶፑ የሚፈጀው ኃይል ነው፤ ሄክስን ለረጅም ሰዓት የሚያቆይ ባትሪ ዴስክቶፑን ብዙ አያራምደውም፤ አሮጌው የኃይል ሳጥንና ዲስክም በማይታሰብ ሰዓት ሊለግሙ ይችላሉ። ጄኔሬተር ወይም ትልቅ ዩፒኤስ ያለው ቢሮ ከሆነ ግን ከሁሉም አስቀድሞ ሊያስበው የሚገባው ይህ ነው።

ከላይ ለገለጽኩት ቢሮ ምርጫዬ የታደሰው ሄክስ ነው፤ ከእሱ ጋር አንድ የሚተዳደር ስዊችና ለእንግዶች የተለየ ቪላን (በዚያው ኬብል ላይ የተለየ ኔትወርክ) የሚያወጣ አክሰስ ፖይንት (የዋይፋይ ማሰራጫ) ይጨመርበታል። ገንዘቡ የተረፈ እንደሆነ ትልቅ ራውተር ከመግዛት ይልቅ ለሚያስተካክለው ባለሙያ ቢከፈል ይሻላል።

አሮጌው ራውተር ተነቅሎ አዲሱ ሲገጠም ባለሙያዎችን ሳይቀር የሚያደናግር አንድ ነገር ይከሰታል። ዋናው አድራሻ ወዲያው ይሠራል፤ ሌሎቹ አራቱ ግን ድምፅ የላቸውም። የአቅራቢው ጌትዌይ ለእነዚያ አድራሻዎች የአሮጌውን ራውተር የማክ አድራሻ (የዕቃው የራሱ መለያ ቁጥር) በኤአርፒ ሠንጠረዡ ውስጥ እንደያዘ ስለቆየ ፓኬቱን ለሌለ ዕቃ እየላከ ነው። በዚህ ጊዜ ደንቡን ደጋግሞ መቀያየር አያስፈልግም። በሄክሱ የፒንግ መስኮት ላይ መነሻ አድራሻውን አንድ በአንድ እየቀየሩ ጌትዌዩን ፒንግ ማድረግ ብዙውን ጊዜ ሠንጠረዡን ያስተካክለዋል፤ ካልሆነም አቅራቢው እንዲያጠፋው መጠየቅ ወይም ጊዜው እስኪያልፍ መጠበቅ ነው።

ለገጣሚው የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ቢሮው ራሱ ሊያደርገው የሚችለው ፈተና አለ። ከኢሜይል ሰርቨሩ፣ ከአንድ ሠራተኛ ኮምፒዩተርና ከእንግዶች ዋይፋይ ላይ የራስን ፐብሊክ አድራሻ የሚያሳይ ድረ ገጽ መክፈት፤ ሦስቱም የተለያየ አድራሻ ማሳየት አለባቸው። ቀጥሎ የስልክን ዋይፋይ አጥፍቶ በሞባይል ዳታ ወደ አምስቱም አድራሻዎች በፖርት 8291 እና በሪሞት ዴስክቶፕ ፖርት 3389 ለመግባት መሞከር፤ አንዱም መልስ መስጠት የለበትም። በመጨረሻም የራውተሩን መሰኪያ ነቅሎ መልሶ መሰካትና ሁሉም እንደነበረ መመለሱን ማየት፤ ከዚያ የኮንፊገሬሽኑን ባክአፕና አዲሱን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ተረክቦ ማስፈረም ነው።